ቤሪል ሽርሽሯን ጥላ የወረደች ቀን

ቤሪል አውትዌይትን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልወደድኳትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው "ጓደኛዋ ስለሆነች ነው የምታሞግሳት" እንዳይለኝ ነው። ጓደኛዬ አልነበረችም። እንግሊዝ አገር ስካርቦሮ ውስጥ፣ ከባሕሩ አንድ መንገድ ገባ ብሎ፣ እሷም ፔንሲዮን ነበራት፣ እኔም ፔንሲዮን ነበረኝ፤ ግድግዳ ተጋርተን፣ እንግዳ ተሻምተን የኖርን ሴቶች ነን። በበጋ ሻንጣ የሚጎትት ሰው ከባቡር ጣቢያው በኩል ሲመጣ እሷ ከበሯ፣ እኔ ከበሬ ብቅ እንላለን። የሷ በር ለጣቢያው ይቀርባል። ለመጣላት ከዚህ የበለጠ ምክንያት የሚፈልግ ሰው ፔንሲዮን ይዞ አያውቅም ማለት ነው።

መንገዳችን ላይ እንደሚወራው ባሏ ሬጂ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ገና አርባ ሳይሞላው ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ፤ ቤሪል ባለ ሦስት ፎቅ ቤትና ሎሬን የምትባል ትንሽ ልጅ ታቅፋ ቀረች። ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ "ቤቱን ሽጪና እናትሽ ጋ ግቢ፤ ሴት ብቻዋን አትችለውም" አላት። እሷም "እሺ" አለች። እሺ ብላ፣ ቀብሩ ባለፈ በሳምንቱ የበሩን ናስ ወልውላ፣ አንሶላ ቀይራ፣ እንግዳ ተቀበለች። የቤሪል እሺታ እንዲህ ያለ ነው። ፊት ለፊት አትከራከርም፤ ዞር ስትልላት የራሷን ታደርጋለች።

ቤቷ ሕግ ነበረው። ከባሕር ዳር አሸዋ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት የለም። የቁርስ ሰዓት ካለፈ አለፈ፤ ንጉሥም ብትሆን እንቁላል የለህም። አንድ ጊዜ የፓርላማ ሰው ነኝ እያለ የሚንጠባረር ሰውዬ መጥቶ፣ ጓሮ ካለው ቧንቧ እግሩን ታጥቦ ነው የገባው። ይሄ ሁሉ ሆኖ እንግዶቿ የሚቀጥለውን ዓመት ያንኑ ሳምንት፣ ያንኑ ክፍል ሳይዙ ከበሯ አይወጡም ነበር። የኔዎቹ ግን አንዴ መጥተው አንዴ ይጠፋሉ። ይሄንን ስናገር አሁንም ያመኛል።

እንዲህ ያለ ሥራ የያዘ ሰው ዕረፍት የሚባል ነገር አያውቅም። በጋ ሰው ሲዝናና እኛ ቋሊማ እንጠብሳለን፤ ክረምት እንግዳ ሲጠፋ ግድግዳ እንቀባለን፣ ፍራሽ እናገላብጣለን። ቤሪል ሰባ ስምንት ዓመት ሲሞላት ከስካርቦሮ ወጥታ ያደረችው ለቀብርና ለሆስፒታል ብቻ ነበር። ሆስፒታሉም ካቻምና ክረምት ነው፤ የቁርስ ዕቃ ይዛ ከደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ተኝታ ሳለች ለሎሬን ውክልና ሰጠቻት፤ ባንኩንም ሌላውንም በስሟ እንድትጨርስላት። ከዚያ ዳነች፤ በምርኩዝ ጀመረች፣ ምርኩዙን ጣለች፣ ተመልሳ ደረጃውን መውጣት ያዘች።

እኔ በዚያን ጊዜ ሸጬ ነበር። ጉልበቴ እንቢ አለ፣ ልጆቼ ገፋፉኝ፣ ሸጥኩ። ቤቴ ተቆራርጦ በቀን የሚከራዩ ትንንሽ አፓርታማዎች ሆነ፤ እኔም ከታች አንዷን ክፍል ይዤ ቀረሁ። የመንገዳችን ፔንሲዮን ሁሉ አንድ በአንድ እንዲህ ሆነና የቀረው የቤሪል ብቻ ነበር። ሲያናድደኝ የኖረ ቤት ብቻውን ሲቀር ለምን እንዳሳዘነኝ እኔም አላውቅም።

ታዲያ በጸደይ ሎሬን ከሊድስ መጣችና ለእናቷ የሽርሽር መርከብ ቲኬት ሰጠቻት። ከኒውካስል ተነስቶ በፈረንሳይ ዳርቻ ከወደብ ወደብ እያለ እስከ ስፔን የሚወርድ ነው። "እማ፣ ዕድሜ ልክሽን ሰው ስታዝናኚ ኖርሽ፤ አሁን ያንቺ ተራ ነው። ቤቱን እኔ እጠብቀዋለሁ፣ ስልክም አነሳለሁ" አለቻት። ካቢኑ ለሁለት ሰው ነው፤ ብቻዋን የምትሄድ ሴት ባሏን ስለቀበረች የሚቀጧት ይመስል የሁለት ሰው ትከፍላለች። ስለዚህ ቤሪል በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ ጠራችኝ።

"ዶሪን፣ ታንኮራፊያለሽ?"

"ግድግዳው ስስ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ስትሰሚው ኖረሽ የለ?"

"እሱ አንቺ ነሽ እንዴ? እኔ የውሃ ቧንቧ መስሎኝ ስንት ጊዜ ሠራተኛ አስጠራሁበት!"

ሄድን። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄ ነው፤ ሁለት አሮጊት በሬዎች።

መርከቡ ላይ የመጀመሪያውን ጥል የፈጠርነው በማግስቱ ጠዋት ነው። ሰው ሁሉ ቁርስ ላይ ሲንጋጋ ቤሪል የሁለታችንንም አልጋ ገፍፋ፣ አንሶላውን አጥፋ፣ የትራስ ልብሱን አውልቃ በሩ ላይ ከመረችው። መኝታችንን የሚያነጥፈው ሮዴል የሚባል የፊሊፒንስ ልጅ ነው። ክምሩን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠና ሄዶ አለቃውን ይዞ መጣ።

"ወይዘሮ ቤሪል፣ ምን አጠፋሁ? አንሶላው ቆሽሾ ነበር?"

"ኧረ በፍጹም! ሥራ ላቅልልህ ብዬ ነው።"

"እኔ ደግሞ ተማርረው ከክፍሉ ሊወጡ መስሎኝ... እዚህ እንግዳ አልጋውን ከገፈፈ ትልቅ ክስ ነው።"

ቤሪል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የቀረችውን የፍራሹን ጥግ ዳሰሰች። "ይቺን ጥግ እንዲህ አድርጎ ማጠፍ ማን አስተማረህ?"

"እናቴ።"

"እናትህ ሴት ናት" አለችው። ከዚያ ወዲያ ሮዴል እኛን ያየ ቀን ሳቁን መቆጣጠር አይችልም ነበር፤ እሷም አልጋ መግፈፏን አልተወችም፤ ብቻ ደብቃ ቁም ሳጥን ውስጥ ታስገባዋለች።

የፈረንሳይ ወደብ ኦንፍለር ስንደርስ ሌላው መንገደኛ ዱላ ላይ ቁጥር ሰቅላ የምትሄድ አስጎብኚ ልጅ እየተከተለ ወረደ። ቤሪል "እኔ ሰው ሳዝ ኖሬ በስተርጅና ዱላ አልከተልም" ብላ በሌላ መንገድ ወሰደችኝ። የድሮ መርከበኞች የሠሩት ወደብ ነው፤ ቤቶቹ እንደኛ መንገድ ቀጫጭንና ረጃጅም፣ ውሃው ዳር ትከሻ ለትከሻ የቆሙ። ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ሲያይ እኛ በየመስኮቱ የተሰጣውን አንሶላ እናያለን። አንድ ፔንሲዮን ገብተን "ክፍል እንፈልጋለን" ብለን ሦስት ክፍል አስከፈትን። ቁርሳቸው ዳቦና ማርማላታ ብቻ መሆኑን ስትሰማ ቤሪል ባለቤቲቱን በሐዘኔታ አየቻት። "ዶሪን፣ በዚህ ቁርስ ነው እንዴ እነዚህ ሰዎች ዓለምን የዞሩት?" አለችኝ መንገድ ላይ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከቤሪል ጋር ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ለእሷም ታውቋታል፣ ለእኔም ታውቆኛል።

ቀጥሎ ሳን ማሎ ነው። መርከባችን ትልቅ ስለሆነች ከሩቅ ቆማ በትናንሽ ጀልባ ነው የሚያወርዱን። ከተማውን ባሕሩ እየገፋው ያለ ይመስል ዙሪያውን በግንብ ታጥሯል፤ የጥንት የባሕር ወንበዴዎቻቸው ከኛ መርከቦች በዘረፉት ገንዘብ የሠሩት ነው ይላሉ፤ ይኮሩበታልም። ግንቡ ላይ ጥቂት እንደሄድን የቤሪል ዳሌ ተነሳባትና በታክሲ ጀልባ ወደ ማዶ፣ ወደ ዲናር ተሻገርን። ዲናር የመዝናኛ ከተማ ናት። ገደሉ ላይ የተደረደሩትን ቤቶች በአያቶቻችን ዘመን የሠሯቸው የኛው ሀብታሞች ናቸው፤ ታች አሸዋው ላይ ነጭና ሰማያዊ መስመር ያላቸው ድንኳኖች በተርታ ተተክለዋል።

ቤሪል ጫማዋን አወለቀች፣ ካልሲዋን አወለቀች፣ የሸራ ወንበር ላይ ጋደም አለችና እግሯን አሸዋው ውስጥ ቀበረችው። ዓይኗን ከባሕሩ አላነሳችም።

"ምነው? አመመሽ?"

"ባሕር ዳር ተወልጄ፣ ባሕር ዳር አርጅቼ፣ እንዲህ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ አላውቅም" አለች። "ሁልጊዜ ሰው ነው የምልክበት። ዶሪን፣ ደስ ይላል እኮ! ለዚህ ነበር እንዴ የሚመጡት?"

ሴትዮዋ ደስ ብሏት ያየኋት ያኔ ነው። ስፔን ስንደርስ ባሕሩ ይሞቃል ሲሏት ዋና ልብስ እገዛለሁ አለች፤ በዚያ ዕድሜዋ። ይህን የማወሳው ምን እንደጣለች እንዲታወቅልኝ ነው።

እንግዲህ አመል አይለቅምና፣ እዚያው ጋደም እንዳለች ስልኳን አወጣች።

"ማን ጋ ልትደውዪ ነው?"

"ቤቴ ጋ። ሎሬን ስልኩን እንዴት እንደምታነሳ ልፈትናት።"

ይቺ የኛ ሙያ አመል ናት። ቤቱን ለሌላ ሰው ትተን ስንወጣ ድምፃችንን ለውጠን፣ ክፍል ፈላጊ መስለን እንደውላለን። ቤሪል ለዚህ ሥራዋ ወይዘሮ ፔምበርተን የምትባል የሃሮጌት ሀብታም ሴት ፈጥራለች። ወይዘሮ ፔምበርተን ዋጋዬን ለመሰለል ለኔም ስንት ጊዜ ደውላለች። እኔም ድምጿን ስለማውቀው "ውሻዎን ይዘው ይምጡ፣ ፈረስም ካለዎት እናስተናግዳለን" እላት ነበር።

ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን በመሃላችን ያዘችው። ያነሳው ወንድ ነው። ከጀርባው ከባድ ነገር ሲጎተት ይሰማል።

"ሃሎ!"

ቤሪል ግራ ቢገባትም አፍንጫዋን ቀሰረች። "ከሃሮጌት ነው የምደውለው፤ ወይዘሮ ፔምበርተን እባላለሁ። ለነሐሴ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ፈልጌ ነበር።"

"አዬ እናቴ! ቤቱ እኮ ተዘግቷል።"

"ለስንት ቀን?"

"ለሁልጊዜ ነዋ! ዕቃ እያወጣን ነው። ያቺን ቁም ሳጥን ቀስ በላት አንተ፣ ግድግዳውን ላጥከው! ይቅርታ እናቴ... ሐሙስ ከሰዓት ገዢው መጥቶ ባዶውን ያያል፤ ዓርብ ይዋዋላሉ። ከዚያ አፓርታማ ይሆናል።"

"ባለቤቲቱስ? ትልቅ ሴት ነበሩ መሰለኝ።"

"አሮጊቷ? ለእሷማ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ቦታ ተይዞላታል አሉ። አሁን ልጇ መርከብ ላይ ልካታለች፤ እየተዝናናች ነው። ስትመለስ በቀጥታ ወደዚያ ነው። ይቺ ልጇ ጎበዝ ናት፣ ሁሉን አስባበታለች።"

"በጣም ጎበዝ" አለች ቤሪል፣ ያንኑ የሃሮጌት ድምፅ ሳትለቅ። "እጅግ አመሰግናለሁ።" ስልኩን ዘጋችው።

እኔ ደሜ ፈላ። ሽርሽሩ ስጦታ ሳይሆን ማራቂያ መሆኑ፣ እኔም ሳላውቅ ለዚያ መጫወቻ መሆኔ ገባኝ። "ደውይላት! አሁኑኑ ለሎሬን ደውዪና ልክ ልኳን ንገሪያት!"

"በስልክማ ታለቅሳለች። ሳላያት ስታለቅስብኝ እሺ እላታለሁ፤ ያንን እሺ ደግሞ አልመልሰውም። እንቢ የምላት ዓይኗን እያየሁ ነው።"

"ለጠበቃስ?"

"ጠበቃውን የያዘችው እሷ፣ ውክልናው ያለው እሷ ጋ። ግን ዶሪን፣ አልሞትኩም። አላበድኩምም። በሕይወት ያለ ሰው በገዛ ቤቱ በር ላይ ቆሞ እንቢ ካለ ማን ይሸጥበታል? በሩ ላይ መቆም ብቻ ነው ያለብኝ።" ከዚያ እግሯን ከአሸዋው አወጣች፤ ሳታራግፈው ካልሲዋን አጠለቀችበት።

ወደ መርከቡ ተመልሰን ሻንጣችንን ስንቋጥር ሮዴል መጥቶ ምንም ሳይጠይቅ አገዘን። የእንግዶች ጉዳይ የምትባለው ልጅ ግን ዓይኗን አፈጠጠችብን።

"መሃል መንገድ ላይ መውረድ አይመከርም እኮ፣ ወይዘሮ። የቀረው ሽርሽር ይቃጠልብዎታል።"

"ይቃጠል።"

"አሞዎት ነው?"

"ጤነኛ ነኝ። ሰው ያስቸገረውም እሱ ነው።"

"ቢያንስ ምክንያት ልጻፍ።"

"ቤቷ ያልጠራችው እንግዳ ገብቶባት ልታስወጣው ሄደች ብለሽ ጻፊ።"

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። "እርስዎስ?"

ቤሪል ቀደመቻት። "እሷ ትቆያለች። ስፔንን አይታ ትምጣ።"

"ስፔን የትም አትሄድም!" አልኳት። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። "ሠላሳ ዓመት በግድግዳ ስሰማሽ ኖሬ፣ ዋናው ጥል ሲመጣ ልቅርብሽ?"

ወደ እንግሊዝ የምትሻገረው መርከብ የምትነሳው በማግስቱ ጠዋት ስለነበር ግንቡ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፔንሲዮን አደርን። ከዚያ ፖርትስማውዝ፣ ከዚያ ባቡር። ቤሪል መንገዱን ሁሉ ጀርባዋን አቅንታ፣ የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ዮርክ አልፈን ሜዳው ሲመጣ ግን ድንገት ትከሻዋ ወረደ። ዳሌዋን በእጇ ስታሻሽ አየኋት።

"ዶሪን፣ ብሸጥ ይሻል ይሆን? እውነቱን ንገሪኝ። አንቺ ሸጠሻል።"

ተናደድኩ። በእሷ አይደለም፤ በራሴ ኑሮ ነው የተናደድኩት። "እውነቱን ትፈልጊያለሽ? እኔ ቤት ሰው በር አያንኳኳም። ቁልፉን በሩ ላይ በተሰቀለች ሳጥን ውስጥ ያገኙታል፤ ቁጥር ነክተው ይገባሉ፣ ቁጥር ነክተው ይወጣሉ። ከጣሪያዬ በላይ በየሳምንቱ ሌላ ሰው ይራመዳል፤ ስሙን አላውቅም። ባለፈው አንዱ ደረጃው ላይ አግኝቶኝ 'እርስዎም እንግዳ ነዎት?' አለኝ። በገዛ ቤቴ!" ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ይህን ለሰው የተናገርኩት። "ጉልበቴ ዛሬም ያመኛል። መሸጤ አላዳነኝም።"

ቤሪል ቦርሳዋን አጥብቃ ያዘች። "እሺ" አለች። ያቺን እሺ ስሰማ ገዢው አሳዘነኝ።

ሐሙስ ከሰዓት መንገዳችን ላይ ስንደርስ ትልቅ የጭነት መኪና በሯ ላይ ቆሟል። አልጋዎቿ ሁሉም ተጭነዋል፤ ፍራሾቿ የአጥሩን ብረት ተደግፈው ቆመዋል። ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ገላዋን የገለጡባት ያህል ተሰማኝ። ቤሪል ግን ሻንጣዋን አስቀምጣ ወደ ሰዎቹ ሄደች።

"ያንን ፍራሽ ወደ ክፍል ቁጥር አራት። ያንን ወደ ቁጥር ሁለት። ከማስገባታችሁ በፊት ጫማችሁን ጥረጉ።"

ፍራሽ የተሸከመው ወፍራም ሰውዬ ቆም አለ። "እኛ የታዘዝነው እንድናወጣ ነው እኮ፣ እናቴ። እርስዎ ማን ነዎት?" ከዚያ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አያት። "ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ... ወይዘሮ ፔምበርተን?"

"ሃሮጌት ያለችው እህቴ ናት" አለችው። "እኔ አሮጊቷ ነኝ።"

ሰውዬው ቀላ፣ ፍራሹን ተሸክሞ ዞረና ወደ ቤት አስገባው። በዚህ መሃል ሎሬን የካርቶን ፕላስተር በእጇ እንደያዘች በሩ ላይ ብቅ አለች። ሃምሳ የሞላት ሴት ናት፤ እናቷን ስታይ ግን ጥፋት ሲሠራ እንደተያዘ ልጅ ደነገጠች።

"እማ? አንቺ ስፔን አይደለሽም እንዴ?"

"ስፔን አልተመቸኝም።"

"ገና አልደረሳችሁም እኮ!"

"ከሩቅ ነው ያልተመቸኝ። ሎሬን፣ ቤቴን አልሸጥም። ውክልናውንም ነገ እሽረዋለሁ።"

እኔ ወደ ቤቴ መግባት ነበረብኝ፤ ግን እግሬ እንቢ አለ። ሎሬን ፕላስተሩን ወረወረችው።

"ስትወድቂ ደረጃው ላይ ተኝተሽ ያገኘሽ ወተት አምጪው ነው፣ ታስታውሻለሽ? እኔ ሊድስ ሆኜ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሞታለች እያልኩ ነው የማነሳው!"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ለምን እንደ ሌባ?"

"ነግሬሻለሁ! ስንቴ ነግሬሻለሁ! 'እሺ' ትያለሽ፤ ከዚያ ሄደሽ አንሶላ ትቀይሪያለሽ! ከአንቺ ጋር ሌላ ምን መንገድ አለ?"

በዚህስ ልጅቷ እውነቷን ነው።

"ደግሞ እወቂው" አለች ሎሬን፤ ድምጿ ዝቅ አለ። "ይሄን ቤት እጠላዋለሁ። ሐምሌ በገባ ቁጥር አልጋዬን ለእንግዳ ታከራዪብኝ ነበር። ደረጃው ስር፣ መጥረጊያው ጋ ነበር የምተኛው፣ በየበጋው። የሰው ልጅ በኔ አልጋ፣ በኔ ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊቴን አቅፋ ትተኛለች፤ እኔ ከላዬ የእንግዳ ጫማ ሲረግጥ እሰማለሁ። 'አንድ ቀን ይሄን ቤት ባዶ አደርገዋለሁ' እያልኩ ነው ያደግኩት። ይኸው አደረግኩት።"

መንገዳችን ላይ እንዲህ ያላደረገ ሰው አልነበረም። የኔ ልጆች ኩሽና ጠረጴዛ ስር ነው ያደጉት፤ የበጋ ልጅ እንዲያ ነው ብለን ነበር የምናስበው። ማናችንም ግን ልጅ አፏን ከፍታ ስትናገረው አልሰማንም ነበር። ቤሪል የአጥሩን ብረት ያዘች። የምትወድቅ መስሎኝ ተጠጋሁ፤ በእጇ ገፋችኝ።

"ሰባት ቁጥርን ታውቂዋለሽ?" አለች።

"ሦስተኛ ፎቅ፣ የፊት ለፊቱ" አለች ሎሬን። "ባሕሩ የሚታይበት። አንድም ቀን አልተኛሁበትም።"

ቤሪል ወደ ወፍራሙ ሰውዬ ዞረች። "ከመኪናው ምርጡን አልጋ አውርድና ሰባት ቁጥር አስገባልኝ። ወፍራሙን ፍራሽ።" ከዚያ ወደ ልጇ ተመለሰች። "ያንቺ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ለማንም አይከራይም። ነሐሴ ላይ ሰው መንገድ ዳር ቢያድርም አይከራይም።"

"ይሄ ካሳ መሆኑ ነው?"

"አይደለም። ለሱ ካሳ የለውም። ይሄ አልጋ ነው።"

ሎሬን ማልቀስ ጀመረች። ቤሪል እሺ የምትልበት ቦታ ይህ ነው። ቤሪል እንባዋን በመሐረቧ ጠረገችላት፣ ዓይኗን እያየች።

"ቤቱን ግን አልሸጥም፣ ልጄ። ደረጃው ከገደለኝም ይግደለኝ፤ የራሴ ደረጃ ነው።"

ወፍራሙ ሰውዬና ጓደኛው አልጋውን በአጠገባችን አሳልፈው ወደ ላይ ይዘውት ወጡ። መንገድ ላይ ሰው እያየን ነበር፤ ማንም ግድ አልሰጠውም። በመጨረሻ ሎሬን የእጅ ቦርሳዋን ከደጃፉ አነሳችና ወደ ውስጥ ገባች። የእንጨቱ ደረጃ ፎቅ በፎቅ ሲንቋቋ ሰማን። ቤሪልም አንገቷን ወደ ላይ አቅንታ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ መስኮት ሲከፈት እስክትሰማ ጠበቀች።

ያኔ ነው አንድ የሚያብረቀርቅ መኪና ከጭነት መኪናው ኋላ የቆመው። ሱፍ የለበሰ ወጣት መለኪያ ሜትር ይዞ ወረደና ፈገግ እያለ ወደ በሩ መጣ። ቤሪል ቀድማው ደፉ ላይ ወጣች፤ የጸጉሯን ፒን አስተካከለች፣ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አጣመረች።

"አዝናለሁ፣ ጌታው። ሞልቶብናል።"

"ምኑ?" አለ ወጣቱ። በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ኮሪደሩን አየ፤ ወንበር እንኳ አልቀረበትም፣ ግድግዳው ላይ የሥዕሎቹ ምልክት ብቻ ነው ያለው። "እመቤት፣ እኔ ክፍል ፈልጌ አይደለም፤ ቤቱን የምገዛው ሰው ነኝ። ደግሞ ባዶ ነው እኮ። አንድ አልጋ እንኳ የለበትም።"

"አንድ አለ" አለችው ቤሪል። "እሱን ልጄ ይዛዋለች።"